አንድ ጊዜ ተሰምቶ ስለሚያልፍ ቅኔ

እግዚአብሔር አምላክ ሰውን ከእንስሳት ለይቶ ካከበረባቸው ጸጋዎች አንዱ ቃል ነው። እንስሳ በድምፁ ረኃቡንና ፍርሃቱን ያሰማል፤ ሰው ግን በቃሉ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ከምስጋናም መካከል ብዙ ድካም የሚጠይቀው ቅኔ ነው። ባለቅኔ የተዘጋጀ ቃል ከመጽሐፍ አንሥቶ አያቀርብምና፤ ከልቡ አፍልቆ፥ በግእዝ አገባብ አርሞ፥ በዜማው ልክ መጥኖ፥ ሰሙን ከወርቁ አስማምቶ ያቀርባል።

በዚህ ሥራ የምንደክመውን ሰዎች ወዳጆቻችን ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። «ሌሊቱን ሙሉ የተጨነቃችሁበት ቅኔ በማኅሌት አንድ ጊዜ ተብሎ ያልፋል፤ በዓሉ በዓመቱ ሲመለስም ሌላ አዲስ ቅኔ ይፈለጋል እንጂ ያው አይደገምም። ታዲያ አንድ ጊዜ ለመሰማት ይህን ያህል መድከም ምን ይጠቅማል?» ይሉናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ስለ ቅኔ ብቻ ሳይሆን፥ አላፊ ስለ ሆነው ስለ ሰው ድካም ሁሉ የሚጠይቅ ነውና ተገቢውን መልስ ልንሰጠው ይገባል።

አስቀድሞ ድካሙን እንመልከት። ደቀ መዝሙር ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ በሚያገኘው ቁራሽ እየኖረ ግሱንና አገባቡን ያጠናል። ከ2 ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ 3 ቤት ዘአምላኪየ፥ ወደ 6 ቤት ሥላሴ፥ ወደ 8 ቤት መወድስ እያለ ይወጣል። ቀን ከሰው ተለይቶ የቈጠረውን ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም አንዱን ያቀናለታል፥ አንዱን ያፈርስበታል። የፈረሰበትም ቢያዝን እንኳ በማግሥቱ እንደ ገና ይቈጥራል እንጂ የትናንቱን ይዞ አይመለስም።

ጎንደር ፒያሳ ላይ የቆመ ሰው የወዳጆቻችንን ጥያቄ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። በአቅራቢያው ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ በቈረቈሩት ከተማ የተሠራው ግንብ ቆሟል። ዙሪያውን ደግሞ ኢጣልያኖች ከመጋቢት 1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ከተማውን ይዘው በነበሩበት ጊዜ የሠሩአቸው ሕንፃዎች ይታያሉ፤ ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ አደባባይ ማለት ሆኖ ከእነርሱ ቋንቋ የቀረ ነው። ይህን የሚያይ ሰው ድንጋይ ይኖራል፥ ቃል ግን ያልፋል ሊል ይችላል።

ነገር ግን ጠልቆ ለሚያስተውል ነገሩ እንዲህ አይደለም። ፒያሳን የሠራው ሥልጣን በጎንደር 6 ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ሕንፃው ሲቀር የተሠራበት አሳብ ከሠሪዎቹ ጋር ሄደ። በዚያው ከተማ በየደብሩ የሚባለው ቅኔ ግን፥ በድንጋይ ሳይቀረጽ፥ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ ኖሯል። የተባለው ቅኔ አልፏል፤ ቅኔን የሚወልደው ልብ ግን አላለፈም። ይህም የሆነው ቅኔ የማይደገም ስለ ሆነ ነው። ቢደገም ኖሮ አንድ ያማረ መወድስ ለመቶ ዓመት በበቃ፥ መምህርም ደቀ መዝሙርም ባላስፈለገ ነበር። እንግዲህ ወዳጆቻችን ጉዳት ነው ያሉት የቅኔው ማለፍ፥ የቅኔ ትምህርት እንዳይሞት የጠበቀው አጥር ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይበልጣል፤ ቅኔ መሥዋዕት ነውና። ነቢዩ ዳዊት መሠዊያ ሊሠራ በወደደ ጊዜ ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን በነጻ ሊሰጠው ቢለምነው፥ ንጉሡ ያለ ዋጋ ያገኘውን ለእግዚአብሔር እንደማያቀርብ ነግሮት በ50 ሰቅል ብር ገዛው። ሌላው የደከመበትን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ሰው ግን በኦርና በሬ የሚሠዋ ነው፤ ያውም ኦርና ሳይፈቅድለት። ዕጣንም በጥና ላይ አንድ ጊዜ ይጤሳል፤ ጢሱን ሰብስቦ ለነገ ያስቀመጠ ካህን የለም። ዕጣኑ በመጤሱ ጠፋ አይባልም፤ ለተሰጠበት ነገር ዋለ ይባላል እንጂ።

ይህ ነገር ዛሬ የምር ማሳሰቢያ ያስፈልገዋል። በማኅሌት የተባለው ቅኔ በተንቀሳቃሽ ስልክ ይቀረጻል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም የቅዱሱን ስም ብቻ ለውጦ በሌላ ደብር የሚያሰማው ይገኛል። ቅኔን መዝግቦ ማኖር በራሱ ክፉ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሊቃውንቱን ቅኔ ሰብስበው በ1918 ዓ.ም. በማሳተማቸው ለተማሪው መልካም አደረጉ። ለትምህርት መመዝገብና ለውዳሴ መስረቅ ግን እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ የፊተኛው ባለቅኔውን ያስከብራል፥ የኋለኛው ምስጋናውን ከመሠዊያው ላይ ያነሣል።

ለደከመውም ባለቅኔ ፈተና አለበት። ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» ባሉት ጊዜ ልቡ ከፍ ካለ፥ ዋጋውን እዚያው ተቀብሏል፤ ያም ዋጋ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አያልፍም። ቅኔው የማይደገም መሆኑ ለዚህም መድኃኒት ነው፤ ትናንት የተመሰገነው ባለቅኔ ዛሬ እንደ ጀማሪው ባዶ እጁን ይቆማልና።

እዚህ ላይ ግን በእኛ ላይ የሚነሣ ክስ እንዳለ መሸሸግ አይገባም። «ሕዝቡ ግእዙን ካልሰማ ቅኔው ለማን ነው? በየአዳራሹ የሚነበበው የአማርኛ ግጥም እኮ ቢያንስ ይገባናል» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ፥ በምዕራፍ 14፥ በማይታወቅ ልሳን ከሚነገር 10,000 ቃል ይልቅ ሌላውን የሚያስተምር 5 ቃል እንደሚሻል አስተምሯልና ክሱ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። መፍትሔው ግን ቅኔውን መተው አይደለም፤ ሐዋርያው በዚያው ስፍራ የሚተረጕም እንዲኖር አዝዟልና መተርጐም ነው እንጂ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ክፍሎች ለውጭው በር የሚቀርበው ቅኔ ማኅሌት ይባላል። በቅኔ ስም የተጠራው ስፍራ ለሕዝቡ የቀረበ ሆኖ ሳለ፥ ቅኔው ራሱ ከሕዝቡ መራቁ አይገባም።

ስለዚህ ክቡራን ካህናት ሆይ፥ ከቅዳሴ በኋላ ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት በዚያ ዕለት ከተባሉት ቅኔዎች አንዱን እንኳ መርጣችሁ ሰሙ ይህ ነው፥ ወርቁ ይህ ነው ብላችሁ ለምእመናን ተርጕሙ። ምእመናንም፥ ደበሎ ለባሹ ተማሪ ከፒያሳ ሱቆች ደጅ ቆሞ ሲለምን ባያችሁት ጊዜ፥ የምትሰጡት ቁራሽ ነገ በማኅሌት ምስጋና ሆኖ የሚወጣ መሆኑን አስቡ። ቅኔው አንድ ጊዜ ተሰምቶ ያልፋል፤ የተቀበለው አምላክ ግን አያልፍም።

ቃልን ለሰው የሰጠ ልዑል እግዚአብሔር፥ ያልደከምንበትን ከማቅረብ ጠብቆ፥ ዘወትር አዲስ ምስጋና የሚያፈልቅ ልብ ያድለን፤ አሜን።