የሃይማኖት ፍቅርና እሳት

የክርስትና አባቶች የአምላክን ፍቅር ለመግለጽ ካገኙት ምሳሌ ሁሉ እሳትን አብልጠው መርጠዋል። መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደው በእሳት ልሳን አምሳል ነው፤ የነቢዩ ኢሳይያስን ከንፈር ያነጻው ከመሠዊያው በጉጠት የተወሰደ ፍሕም ነው፤ በጽናው ውስጥ ያለው ዕጣንም መዓዛውን የሚሰጠው ፍሕሙ ሲነካው ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ እሳት ያበራል፥ ያቃጥላልም። ስለዚህ አንድ ሰው በሃይማኖት ፍቅር ተቃጠለ በተባለ ጊዜ፥ በእሳቱ የተቃጠለው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል፤ ራሱ ነውን ወይስ ጎረቤቱ?

ይህ ለጅማ ሰው የቃል ጨዋታ አይደለም። በአወቱ መንደራም ሆነ በዙሪያው ባሉት የቡና ከተሞች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤታሞች ናቸው። በየዓመቱ መስከረም ሲመጣ ደመራ ይደመራል። ደመራው፥ በትውፊት እንደሚነገረው፥ ንግሥት እሌኒ የተቀበረውን መስቀል ስትፈልግ ያነደደችው እሳት መታሰቢያ ነው፤ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ፥ ተመልሶ ወደ ምድር ሰግዶ ሥፍራውን አሳያት ይባላል። እንግዲህ ያ እሳት የተነደደው የጠፋውን ለማግኘት ነበር። በ1999 ዓ.ም. ግን ከዚሁ በዓል ጋር ተያይዞ በተነሣው ግጭት፥ በአጋሮ አጠገብ በበሻሻና በአካባቢዋ የሰው ሕይወት ጠፋ፥ ቤተ ጸሎትም ተቃጠለ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአሰንዳቦ አካባቢ ብዙ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤቶች በእሳት ወደሙ።

ክርስቲያኑ ይህን አስቦ በሌላው ላይ ጣቱን ቢቀስር አይገርምም። ነገር ግን ማደሪያ በከለከላቸው በሳምራውያን መንደር ላይ እሳት ከሰማይ ይውረድ ያሉት ያዕቆብና ዮሐንስ፥ ከጌታቸው እግር ሥር የማይለዩ ደቀ መዛሙርት ነበሩ። መልሱም ተግሣጽ ሆነ።

«ታዲያ ለብ ያለ አማኝ እንሁን ወይ?» የሚል አይጠፋም። ለብ ያለው እንደሚተፋ በዮሐንስ ራእይ ተጽፏልና ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኔ ግን መልሱን በኮሬብ ቍጥቋጦ አየዋለሁ። ሙሴ ያየው ነበልባል ደካማ አልነበረም፤ ቅጠሉ ግን አልተቃጠለም። ቤተ ክርስቲያናችንም በዚህ ቍጥቋጦ እሳተ መለኮትን በማኅፀንዋ ተሸክማ ያልተቃጠለችውን ድንግል ትመስላለች። እንዲህ ከሆነ የእሳቱ ብርታትና የቅጠሉ ደኅንነት በአንድነት የሚገኙ ናቸው።

ቤተ ጸሎቱ አመድ ሆኖ ያየ ሰው ይህን ሰምቶ «ለመናገርማ ቀላል ነው» ቢለኝ አልፈርድበትም። በማግሥቱ ከዚያው ጎረቤቱ ጋር ቡና ለመጠጣት የሚያስፈልገው ሙቀት ከደመራ እንጨት አይገኝምና።