ባሕር ሰው ይሆናልን?

«ሰው» የሚለው ቃል በሕግ አንደበት ከሥጋና ከደም ጋር ብቻ የተሳሰረ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ መንግሥትን እንደ ሰው ይቆጥራል። የአክሲዮን ማኅበር አይታመምም፣ አያለቅስም፣ አይቀበርም፤ ሆኖም ንብረት ያፈራል፣ ይከስሳል፣ ይከሰሳል። በዚህ ነገር የሚደነቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እ.ኤ.አ. በ2022 የስፔን ፓርላማ አንድን ትንሽ ባሕር «በሕግ ሰው ነው» ብሎ ሲደነግግ ግን ነገሩ ለብዙ ጆሮ እንግዳ ሆነ፤ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የደረሰ ሙግትም አስነሣ። ለመሆኑ ለኩባንያ ያልበዛበት ሰውነት ለባሕር የሚበዛበት ስለ ምንድን ነው?

ባሕሩ ማር ሜኖር ይባላል፤ «ትንሹ ባሕር» ማለት ነው። የሚገኘው በደቡብ ምሥራቅ ስፔን በሙርሲያ ክልል ሲሆን፣ ስፋቱ 135 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከታላቁ ሜዲትራኒያን የሚለየው ላ ማንጋ የተባለ፣ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጭን የአሸዋ መሬት ነው። ጥልቅ የሚባለው ስፍራው እንኳ ከ7 ሜትር ብዙም አያልፍም። ከውጭው ባሕር ጋር የሚገናኘው በጠባብ መተላለፊያዎች ብቻ በመሆኑና ፀሐይዋም ስለምትበረታበት ውሃው ከሜዲትራኒያን ይልቅ ጨዋማ ነው። ለዕፅዋት ምግብ የሚሆን ንጥረ ነገር እምብዛም አልነበረበትም። እስከ ወለሉ ድረስ ወለል ብሎ የሚታየው፣ የባሕር ፈረስ የሚባለው ትንሽ ዓሣም የሚኖርበት ለዚህ ነበር። ጥራቱ የድህነቱ ልጅ ነበር ማለት ይቻላል።

ሰው ይህን አካባቢ መነካካት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በአጠገቡ ባሉት የካርታሄና ተራሮች ካርታጎዎችና ሮማውያን ብርና እርሳስ ሲያወጡ ኖረዋል፤ ከማዕድን ማውጫው የተረፈውንም ዝቃጭ ጎርፍ ወደ ባሕሩ ሲያወርደው ኖሯል። ከ1960ዎቹ ወዲህ (እ.ኤ.አ.) ላ ማንጋ በሆቴሎችና በመኖሪያ ፎቆች ተሸፈነ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለጀልባዎች ሲባል አንደኛው መተላለፊያ ተቆፍሮ ሰፋ፤ የሜዲትራኒያን ውሃም እንደ ልብ ይገባ ጀመር። ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው በ1979 ነው። በዚያ ዓመት ከታሆ ወንዝ ወደ ሴጉራ ተፋሰስ ውሃ የሚያሻግረው ቦይ ሥራ ጀመረ፤ ዝናብ ጠባቂ የነበረውም የካርታሄና ሜዳ መስኖ ገባበት። ሰላጣው፣ ብሮኮሊው፣ ሜሎኑ ለአውሮፓ ገበያ ይጫን ጀመር። ይህንን ልማት አለማድነቅ አይቻልም። ደረቅ መሬት ለምልሟል፤ ድኻ የነበረ ሜዳ ሀብት አፍርቷል።

ነገር ግን ሰላጣው ያልተጠቀመበት ማዳበሪያ የትም አይጠፋም። ናይትሬቱ በጎርፉና በከርሰ ምድሩ ውሃ እየተጓዘ ወደ ትንሹ ባሕር ወረደ። የከተሞቹም ፍሳሽ ታከለበት። በ2016 ውሃው እንደ ጎመን ሾርባ አረንጓዴ ሆነ፤ አልጌው ብርሃኑን ስለ ጋረደው ከባሕሩ ወለል ዕፅዋት 85 በመቶ ያህሉ ጠፋ። በጥቅምት 2019 ዓሦቹ የሚተነፍሱት ኦክስጅን አጥተው ወደ ዳር ወጡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትም በአሸዋው ላይ እየተንፈራገጡ ሞቱ። በነሐሴ 2021 ይኸው እልቂት ተደገመ። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረታችን። ዝም ያለው ባሕር ግን ነቀዘ።

ጥፋተኛው ማን ነው? እዚህ ላይ ነው የሞራሉ ጥያቄ የሚከብደው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንባላለን። ይህ ብሂል የሚነገረው ለትብብር ነው፤ ለጥፋትም የሚሠራ መሆኑን የምናስተውል ጥቂቶች ነን። ባሕሩን አንድ ሰው ገድሎት ቢሆን ኖሮ በደሉ ባጎበጠው ነበር። ሺህ ገበሬ፣ መቶ ሆቴል፣ ጥቂት ከንቲባና በሩቅ አገር ሰላጣ በርካሽ የሚገዛ ሚሊዮን ሕዝብ ሲከፋፈሉት ግን ለእያንዳንዱ የደረሰው ኃጢአት ከሎሚ አይከብድም። ማንም ገዳይ አይደለም፤ ሟች ግን አለ።

በካሳ ጉዳይ የተለመደው የሕግ አሠራር ደግሞ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የተጎዳው ማን ነው?» ብሎ ነው። ዓሣ አስጋሪው ዓሣ አጣሁ፣ ባለ ሆቴሉም እንግዳ ሸሸኝ ብሎ ሊከስስ ይችላል። ቢረታ ካሳው ወደ ኪሱ ይገባል፤ ባሕሩ ግን እንደ ሞተ ይቀራል። አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ክሪስቶፈር ስቶን ዛፎችና ወንዞች በራሳቸው ስም ፍርድ ቤት ይቁሙ ብሎ በ1972 የጻፈው ይህን ጉድለት አይቶ ነው። በሙርሲያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፍልስፍና መምህርት ቴሬሳ ቪሴንቴም ሐሳቡን ወደ ማር ሜኖር አመጣችው። በስፔን ሕዝብ የሕግ ረቂቅ ለማቅረብ 500,000 ፊርማ ያስፈልጋል፤ በወረርሽኙ ዘመን ከ600,000 በላይ ተሰበሰበ። ሕግ ቁጥር 19/2022 እንዲህ ወጣ። በአውሮፓም የሰውነት መብት ያገኘ የመጀመሪያው የተፈጥሮ አካባቢ ማር ሜኖር ሆነ።

በሕጉ መሠረት ባሕሩ የመኖር፣ የመጠበቅና የማገገም መብት አለው። እንደ ሙት ልጅም ሞግዚቶች ተሰይመውለታል። 13 አባላት ካሉት የወኪሎች ኮሚቴ 6ቱ ከመንግሥትና ከክልሉ፣ 7ቱ ከሕዝቡ ናቸው። ማንኛውም ሰው በባሕሩ ስም ክስ ማቅረብ ይችላል። የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤትም በ2024 ሕጉን በድምፅ ብልጫ አጽንቶታል።

ተቃውሞው ግን የሚናቅ አይደለም። አንደኛ፣ ባሕር አይናገርም፤ ስለ እርሱ የሚናገረው ሰው የራሱን ፍላጎት የባሕሩ ነው ቢልስ? ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። ሆኖም ሕፃንም ሞግዚቱን መርጦ አያውቅም። ክፉ ሞግዚት ስላለ የሙት ልጅ ያለ ሞግዚት ይደግ አንልም፤ ሞግዚቱን የሚቆጣጠር እናቆማለን እንጂ። ሁለተኛ፣ ግዴታ የሌለበት መብት ምን ዓይነት መብት ነው ይባላል። ጨቅላውም ግዴታ የለበትም፤ መብቱ ግን ከሁላችን ይቀድማል።

እኔን ያስጨነቀኝ ሦስተኛው ነው። በዚያ ሜዳ ሰላጣውን የሚለቅሙት በብዛት ከሞሮኮና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ስደተኞች ናቸው። በሐምሌ 2025 በዚሁ ሜዳ በምትገኘው በቶሬ ፓቼኮ ከተማ፣ አንድ አረጋዊ ከተደበደቡ በኋላ፣ ስደተኞችን እናድን የሚሉ ቡድኖች ለተከታታይ ሌሊቶች ጎዳና ወጥተዋል። ባሕሩ ሰው በተባለበት ምድር ሰውየው ሰው መሆኑ ሲያጠራጥር «ቅድሚያ ለማን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱን ያገኘሁት ከሕጉ ከራሱ ይመስለኛል። ሕጉ ሰው ያለው ውሃውን ብቻ ሳይሆን፣ ወደ ውሃው የሚፈስሰውን ተፋሰስ ጭምር ነው። እንግዲህ የሰላጣው እርሻ ከዚያ «ሰው» አካል ውስጥ ነው፤ ገበሬው የባሕሩ ባላጋራ ሳይሆን በገላው ላይ የሚኖር ነው፤ ለቃሚውም እንደዚሁ። ሜዳውን ርካሽ ሰላጣ ማምረቻ ብቻ አድርጎ የሚያይ ዓይን ውሃውን እንደ ፍሳሽ ቦይ፣ ለቃሚውን እንደ ማሽን ያያል። ንቀቱ አንድ ነው። ስለዚህ ለባሕሩ የተሰጠው ክብር ከስደተኛው የተቀነሰ አይደለም፤ ይልቁንም የስደተኛውን ዕዳ እንዳንረሳ የሚያስገድደን ነው።

ሕግ ባሕርን አያጠራም፤ ናይትሬቱ ዛሬም በከርሰ ምድሩ ውስጥ አለ። ሰውነት መስጠትም ለባሕሩ የምንሾመው ማዕረግ አይደለም፤ ለራሳችን እጅ የምናበጀው ልጓም ነው። ኩባንያን ሰው ያልነው እንዲያተርፍልን ነበር። ባሕርን ሰው ስንል ግን ምንም ሳያተርፍልን እንኳ እንዳንነካው መማላችን ነው፤ መሐላውን መጠበቃችን የሚታወቀውም ሰላጣው ሲወደድ ነው።