የስንዴዋ ቅንጣት ትሞታለችን?

በዮሐንስ ወንጌል 12፥24 የተጠቀሰው የስንዴ ቅንጣት ምሳሌ፣ የሚበቅል ዘር በእርግጥ ይሞታል ወይ የሚል ጥያቄ ያስነሣል፤ የቡቃያው መነሻ የሆነው ጽንስ፣ ከቅንጣቷ ክብደት 3 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ደርቆ በጎተራ ሲቀመጥ እንኳ ሕይወት አለውና። ይሁን እንጂ 80 በመቶ ያህሉን የሚይዘው ዱቄታማ ክፍል፣ ማለትም ስታርችና የግሉተን ፕሮቲኖች የታጨቁበት የጽንሱ ስንቅ፣ ሕዋሳቱ ሰብሉ ከመታጨዱ በፊት ሞተዋል። ቅንጣቷ ውኃ ስትጠጣ ጽንሱ ጂበሬሊን የተባለ ሆርሞን ይልካል፤ ስንቁን የከበበውና አሊዩሮን የሚባለው አንድ ረድፍ ሕያው ሕዋስም መልእክቱን ተቀብሎ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞችን ያመነጫል (የብቅል ጣፋጭነት ከዚሁ የሚመጣ ነው)፤ ሥራውን ሲፈጽም ራሱም ይሞታል። ስለዚህ ምሳሌውን በሥነ ሕይወት ስሕተት መክሰስ ችኮላ ነው፤ ቡቃያው ቅጠል ሲያወጣ ከቅንጣቷ በአፈር ውስጥ የሚቀረው ባዶ ቅርፊት ነው።