አራሹን ሳይጠይቁ ስለ እርሻው መምከር ይገባልን?

ስለ አንድ ሰው ኑሮ የሚመክሩ ሰዎች ባለቤቱን ከምክሩ ውጭ ሊያደርጉት ይገባልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ «አይገባም» ብሎ ለመመለስ የሚቸገር ሰው የለም። ዳሩ ግን ነገሩ ከቃል አልፎ ወደ ሥራ ሲደርስ መልሱ እንደ ቃሉ ሆኖ አይገኝም። በዘመናችን የአየር ጠባይ እየተለወጠ፥ ዝናቡም ጊዜውን እየሳተ ስለ ሄደ ሊቃውንት ይህን የሚቋቋም የእርሻ ዘዴ ለማግኘት በየአገሩ ይመራመራሉ። ምርምሩ መልካም ነው። ነገር ግን ዘሩን የሚዘራው፥ ድርቁም ሆነ ጎርፉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርስበት ገበሬ በዚህ ምርምር ውስጥ ያለው ስፍራ ምንድን ነው? መሬቱን የሚያውስ፥ ጉልበቱን የሚሰጥ፥ ሲጠሩትም «እሺ» የሚል ብቻ ነውን? ወይስ እንደ ዐዋቂ ተቀምጦ የሚመክር?

ይህ ጥያቄ በከፋ ምድር ይበልጥ ይከብዳል። በቦንጋ ዙሪያና እንደ ደካ ባሉ የገጠር ስፍራዎች የሚኖረው ገበሬ ከደን ጋር ተስማምቶ የኖረ ነው፤ ቡናውን በዛፍ ጥላ ሥር ይለቅማል፥ ቀፎውን በረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቅላል፥ እንሰቱን በጓሮው ያለማል። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ጋር የተመዘገበውም የዱር ቡናን በውስጡ ይዞ በመቆየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፥ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንትም የተካፈሉበት አንድ ጥናት እንዳመለከተው፥ አስቀድሞ ካልታሰበበት ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ለቡና የማይስማማ ሊሆን ይችላል። ይኸው ጥናት ቡናው ወደ ከፍተኛ ስፍራ ቢዛወርና ደኑ ቢጠበቅ ለቡና የሚስማማው መሬት በብዙ እጥፍ ሊሰፋ እንደሚችል ይገልጻል። በወረቀት ላይ ሲጻፍ «ቡናው ይዛወር» ማለት አንድ ቃል ነው። ዳሩ ግን ቡና ተተክሎ እስኪያፈራ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል፤ በእነዚያ ዓመታት የልጆቹ ጉሮሮ የሚዘጋው የማን ነው? የሚዛወረውስ በማን መሬት ላይ ነው? ይህን ገበሬው ካልተጠየቀ የሚመልስ የለም።

ገበሬው ሲጠየቅ ምን እንደሚገኝ ለማወቅ ከዚያው ከከፋ ሳንወጣ ምስክር እናገኛለን፤ ይኸውም የቦንጋ በግ ነው። በአገራችን የበግ ዝርያ እናሻሽላለን ተብሎ ከውጭ አገር በመጡ በጎች የማዳቀል ሥራ ለብዙ ዓመታት ተሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን በገበሬው ዘንድ የታሰበውን ያህል አልተስፋፋም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ግን የቦንጋ የግብርና ምርምር ማዕከልና ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት በአድዮ ወረዳ ሌላ መንገድ ያዙ። የሚሻሻለው የአገሩን ምድርና አየር የለመደው የገበሬው የራሱ በግ ሆነ። ተመራማሪዎቹ የጠቦቶቹን ክብደት እየመዘኑ ይጽፋሉ፤ የትኛው አውራ ለዘር ይቅር የሚለውን ግን በመጨረሻ የሚወስኑት ከመንደሩ የተመረጡ ገበሬዎች ናቸው። ሚዛኑ የማይናገረውን እነርሱ ያያሉ፤ ቁመናውን፥ ቀለሙን፥ ጅራቱን ይመረምራሉ፥ እናቱም መንታ የምትወልድ መሆኗን ያውቃሉ። አውራው ለጋራ አገልግሎት ይውላል፤ ያልተመረጡት ይኮላሻሉ ወይም ይሸጣሉ። ገበሬዎቹም በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ሥራውን የራሳቸው አደረጉት።

ሁለተኛውን ምስክር ከሰሜን እናምጣ። በአማራ በገረገራ፥ በትግራይም በሐገረ ሰላም 30 ወንዶችና 30 ሴቶች ገበሬዎች ተጠርተው 400 ዓይነት የስንዴ ዘር እየተዘዋወሩ መረመሩ፤ ለእያንዳንዱም እንደ አስተያየታቸው ነጥብ ሰጡ። ሊቃውንቱም የገበሬዎቹን ነጥብ በመሣሪያ ከለኩት ጋር አስተያዩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። የገበሬው ዓይን ያየው በሳይንስ ሊመረመርና ለዘር ምርጫ መሠረት ሊሆን እንደሚችል በዚህ ታወቀ። ሴቶች በእኩል ቍጥር መጠራታቸውም ልብ ሊባል ይገባዋል፤ እህሉን ለቅማ፥ ፈጭታና ጋግራ የምታቀርበው እርሷ ስለ ሆነች ባልዋ ያላስተዋለውን ታስተውላለችና።

ነቢዩ ኢሳይያስ በ28ኛው ምዕራፍ ገበሬው መሬቱን አለስልሶ እያንዳንዱን ዘር በየስፍራው እንደሚዘራ፥ እህሉንም ሁሉ በአንድ ዓይነት መሣሪያ እንደማይወቃ ካስረዳ በኋላ፥ ይህን ጥበብ ያስተማረው ፈጣሪው መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ የገበሬው ዕውቀት የተሰጠ ዕውቀት ከሆነ፥ እርሱን መናቅ ሰጪውን ወደ መናቅ እንዳያደርስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ምናልባት «የአባቶች ልማድ ለአባቶች ዘመን ነበር፤ ሰማዩ ሲለወጥ የቀድሞው ምልክት ያሳስታል» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ ተቃውሞ በከንቱ የተነገረ አይደለም። ዝናብን በደመናና በነፋስ የሚጠባበቅ ገበሬ ምልክቱ የከዳው ጊዜ አለ። አዲስ በሽታም ሲመጣ አባቶች ስላላዩት ያስተላለፉት መድኃኒት አይኖርም። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን በታየ ጊዜ ቡናው በብዙ ስፍራ ሲጠፋ፥ በሽታውን የሚችሉትን ዛፎች መርምሮ ለመለየት የሊቃውንት ጥበብ አስፈልጓል። ነገር ግን እነዚያ ዛፎች የተገኙት የት ነው? ከአገሩ ደንና ገበሬው ጠብቆ ካቆየው ቡና መካከል አይደለምን? ስለዚህ ተቃውሞው የሚያስረዳን ገበሬው ብቻውን እንደማይበቃ ነው እንጂ፥ ሊቁ ብቻውን እንደሚበቃ አይደለም። አንዱ የጎደለውን ከሌላው ይቀበላል።

ከዚህም የሚበልጥ ምክንያት አለ። ሙከራው ቢሳካ ተመራማሪው ስሙ ይነሣል፥ ገበሬውም ያተርፋል። ሙከራው ቢከሽፍ ግን የተመራማሪው ደመወዝ በወሩ ይከፈላል፤ የገበሬው ጎተራ ባዶ ይሆናል። ጉዳቱን የሚሸከም ሰው በውሳኔው ሊካፈል ይገባዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ከፍሬው አስቀድሞ መብላት የሚገባው የሚደክመው ገበሬ መሆኑን አስተምሯል፤ ከፍሬው ቀዳሚ የሆነው ከምክሩ እንዴት ኋለኛ ይሆናል? ስለዚህ ገበሬውን መጠየቅ ለእርሱ የሚደረግ ቸርነት ሳይሆን የሚከፈለው ዕዳ ነው።

ዕዳውም በስም ብቻ አይከፈልም። ገበሬው ጨዋ ነው፤ እንግዳን ማሳፈር ስለማይወድ፥ ባለሥልጣንንም ስለሚያከብር፥ ልቡ ያልተቀበለውን በአፉ «ይሁን» ይላል። በስብሰባ አስቀምጦ ስሙን መጻፍ፥ እጁን አስነሥቶም «ተስማምቷል» ማለት እንደ መጠየቅ አይቈጠርም። እውነተኛ መጠየቅ «አይሆንም» የሚለውንም ቃል ያለ ቂም ይቀበላል፤ ሙከራውን ከማሳው በጥቂቱ ላይ ይጀምራል፤ ቢከሽፍ ጉዳቱን ማን እንደሚክስ አስቀድሞ ይናገራል፤ ውጤቱንም በባዕድ ቋንቋ አሳትሞ ዝም አይልም፥ በካፊኖኖም ሆነ ሰሚው በሚያውቀው ቋንቋ ተመልሶ ይነግረዋል።

በገጠር የምታገለግሉ ካህናትና መምህራን ሆይ፥ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ራሳችሁ አራሾች ናችሁ፤ የሕዝቡንም ልብ ታውቃላችሁ። የምርምር ሰዎች ወደ አጥቢያችሁ ሲመጡ ሕዝቡ በጥርጣሬ እንዳያባርራቸው፥ በይሉኝታም እንዳይሸነግላቸው ምከሩት። ያየውን እንዳየ፥ የፈራውን እንደ ፈራ ደፍሮ እንዲናገር አበረታቱት፤ ድኻውና መበለቲቱም በመጨረሻው ወንበር ዝም ብለው እንዳይቀሩ አስታውሱ። ለመጣው ሊቅም የሚጠቅመው በአክብሮት የተነገረ እውነት ነው እንጂ ውሸት የሞላበት እሺታ አይደለም፤ በዚያ እሺታ ላይ የተሠራ ምርምር ዝናቡ በቀረ ዓመት ማንንም አያበላምና።