አሚሩ ሲያጠፋ ወታደሩ ምን ያድርግ?



 በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን፣ ሱረቱል ከህፍን መቅራትንም አንርሳ።

የዛሬው ርዕሳችን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ጠያቂዎቹ የደንብ ልብስ የለበሱ ወጣቶች ናቸው። የቅርብ አለቃቸው በሰው ፊት ይሳደባል፣ የግል ጉዳዩን ያሠራቸዋል፣ ቂም ይዞ ፈቃድ ይከለክላል። ዝም እንበል ወይስ እንጋፈጠው? ይላሉ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጠያቂው መሣሪያ ይዟል፤ ቁጣው ለአንድ ደቂቃ ቢያሸንፈው ነፍስ ይጠፋል። ሁሉንም ዝም ብሎ መሸከም ከለመደ ደግሞ፣ ነገ በሐራም ነገር የታዘዘ ቀን እምቢ ማለት ያቅተዋል። ሶሐቦችም በአሚር ሥር የዘመቱ ሰዎች ነበሩና የገጠማቸውን እንይ።

የመጀመሪያው፣ ዛቱ ሰላሲል ነው። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዐምር ኢብኑል ዓስን (ረ.ዐ) አሚር አድርገው ላኩት። ዐምር ከሰለመ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ኋላ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) 200 ሰው ይዞ ሊያግዘው ደረሰ። አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) ሳይቀሩ ከነዚህ ሰዎች መካከል ነበሩ። ማን ይምራ በሚለው ሲከራከሩ አቡ ዑበይዳ መሪነቱን ለዐምር ለቀቀለት፤ እንዳይለያዩ ከነቢያችን አደራ ነበረበት። ሌሊቱ ብርድ ነው፣ ዐምር ግን እሳት እንዳይነድ ከለከለ። ዑመር ተቆጣ፤ አቡበክር አረጋጋው። ሠራዊቱ ታዘዘ፣ ሲመለስ ግን ጉዳዩን ለነቢያችን አቀረበ። እሳቸውም ዐምርን ጠየቁት። ቁጥራችን ጥቂት ስለነበር በእሳቱ ብርሃን ጠላት እንዳያየን ፈርቼ ነው ሲል አስረዳ፤ ምክንያቱንም ተቀበሉት።

ልብ በሉ! ታዘዙ፣ ከዚያ ከበላይ አቤት አሉ። አቤቱታቸው እንደ አመፅ አልተቆጠረም፤ አሚሩም ሳይሰማ አልተፈረደበትም። የማንወደው ትእዛዝ ሁሉ ዙልም እንዳልሆነም ከዚህ እንማራለን። አንዳንዴ አለቃ የሚያየውን እኛ አናይም።

ሁለተኛው በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የእሳቱ ታሪክ ነው። አንድ አሚር በሰዎቹ ላይ ተቆጣ። እንጨት አስለቀመ፣ እሳት አስነደደ፣ ከዚያም ግቡበት አላቸው! ነቢያችን እንዲታዘዙት ነግረዋቸው ነበርና አንዳንዶቹ ሊገቡ ቃጡ። ሌሎቹ ግን፣ ወደ ነቢያችን የመጣነው ከእሳት ሸሽተን አይደለም ወይ ብለው ያዟቸው። እንዲህ ሲሉ እሳቱም ጠፋ፣ የአሚሩም ቁጣ በረደ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ፣ ገብተውበት ቢሆን ኖሮ እንደማይወጡ ተናገሩ፤ መታዘዝ በመልካም ነገር ብቻ እንደሆነም አስተማሩ።

ሦስተኛው፣ ከመካ መከፈት በኋላ በበኑ ጀዚማ የሆነው ነው። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) የሰዎቹን አነጋገር እንደ እስልምና ሳይቆጥረው ቀርቶ፣ እያንዳንዱ ወታደር ምርኮኛውን እንዲገድል አዘዘ። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ያኔ ዕድሜው ሃያ ገደማ ነበር። እኔም ምርኮኛዬን አልገድልም፣ ጓደኞቼም አይገድሉም አለ። ሰይፍ አልመዘዘም፣ ኻሊድንም አልሰደበም። ጉዳዩን ለነቢያችን አቀረቡ፤ እሳቸውም እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ከኻሊድ ሥራ ንጹሕ መሆናቸውን ሁለት ጊዜ ለአላህ ተናገሩ። ዐሊይን (ረ.ዐ) ልከውም የሟቾቹን የደም ካሣ አስከፈሉ። ዑለሞች ኻሊድ የተሳሳተው በአተረጓጎም እንደሆነ ገልጸዋል፤ ክብሩን እንጠብቃለን። ስህተት ግን በባለቤቱ ትልቅነት ትክክል አይሆንም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እህቴ፦

የታዘዝከው የሥራ ትእዛዝ ከሆነ፣ ከባድም ቢሆን ፈጽም፤ ቅሬታህን ኋላ አቅርብ። በሰው ነፍስ፣ ገንዘብ ወይም ክብር ላይ ወንጀል እንድትሠራ ከታዘዝክ ግን አትፈጽም። አለቃዬ አዞኝ ነው የሚለው መልስ አላህ ፊት አያድንህም።

ሲሰድብህ ስድቡን አትመልስ። የሰው ወላጅ የሰደበ የራሱን ወላጅ እንዳሰደበ ነቢያችን አስተምረውናል። ቁጣህ ከመጣ አዑዙ ቢላህ በል፤ ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ፣ ካልበረደልህ ጋደም በል። መሣሪያ አጠገብህ ካለ ከእሱ ራቅ።

ሲረጋጋ ለብቻው አግኝተህ በጨዋ ቃል ንገረው። ሙሳና ሃሩን (ዐ.ሰ) ፊርዓውንን እንኳ በለስላሳ ንግግር እንዲያናግሩ ታዘዋል። ያንተ አለቃ ከፊርዓውን አይብስም፣ አንተም ከሙሳ አትበልጥም!

ካልሰማህ ቀኑን፣ የሆነውንና የነበሩትን ምስክሮች ጽፈህ ያዝ፤ ደረጃውን ጠብቀህ ወደ በላዩ አካል ሂድ። ይህ ሐሜት ነው ብለህ አትፍራ። ኢማም ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን፣ የተበደለ ሰው ሊያስተካክል ለሚችል አካል አቤት ማለቱን ከሚፈቀዱት መካከል ቆጥረውታል። ሐሜት የሚሆነው ካምፕ ውስጥ ሻይ ላይ ተቀምጠህ ስታኝከው ነው። ሐቅ ያለህበትን አቤቱታ ያበላሸዋል፣ ሐሰናትህንም ይበላል።

የመጨረሻዋ ቃል ለነገ አለቆች ናት። ዛሬ የተሰደበው ወታደር ነገ ማዕረግ ሲያገኝ የደረሰበትን በታናሹ ላይ ሲወጣው እናያለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሕዝባቸው ላይ ተሹሞ ለሚያስጨንቅ አላህ እንዲያስጨንቀው፣ ለሚያዝን እንዲያዝንለት ዱዓ አድርገዋል። ማዕረግህ ከየትኛው ዱዓ ሥር እንደሚያስገባህ ከአሁኑ ምረጥ።

ያ አላህ! የተበደሉትን ሐቃቸውን አስመልስላቸው፤ ቁጣቸውንም አብርድላቸው። አለቆቻችንን ልባቸውን አራራልን፤ እኛንም በሥራችን ካሉት በዳይ አታድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።