ገብስማዋ

ሰሜን ወሎ፣ ሐራ ላይ ነው። ሁለት ቤቶች በአንድ ቅንጭብ አጥር ይዋሰናሉ፤ በአንደኛው ከተዳረች ሁለት ዓመት ያልሞላት ወጣት፣ በሌላኛው አንዲት ባልቴት ይኖራሉ። ወጣቷ አንዲት ገብስማ ዶሮ አለቻት። ገብስማዋ አሥራ ሦስት እንቁላል ትጥላለች፤ የቤቱ ጨውና ዘይት ከዚያ ይወጣል። ከአሥራ ሦስተኛው በኋላ ግን መጣሉን ትታ፣ ላባዋን ነፍታ፣ ድምጿን አወፍራ ከጎጆዋ አልነሣም ትላለች።

እንቁላሎቹ ተለቅመው ገበያ ወጥተዋል። ገብስማዋ የታቀፈችው ባዶ ጭድ ነው።

“ጥሬ መብላት፣ መቀመጥ፣ ምንም አለመስጠት!” አለች ወጣቷ። እግሯን አሥራ ቁልቁል ሰቀለቻት፤ ስትፈታት ሄዳ ጭዱ ላይ ተኛች። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከረቻት፤ ሳትደርቅ ተመለሰች። በመጨረሻ የገዛ ላባዋን ነቅላ በአፍንጫዋ ቀዳዳ አሳለፈችባት። ዶሮዋ ላባውን እንደተሸከመች፣ ራሷን እያራገፈች፣ እዚያው ባዶ ጭድ ላይ ክንፏን ዘርግታ ተቀመጠች።

ወጣቷ አጥር አሻግራ አቀበለቻት። “እትዬ፣ ቤት ስትለውጥ ይተዋት ይሆናል። እባክዎ ሦስት ቀን ያሳድሩልኝ።”

ባልቴቷ ተቀበሏት። ላባውን ቀስ አድርገው ሳቡላትና የቆሰለውን ቦታ ቅቤ አስነኩት። “አብሽሪ ልጄ፣ ሥራ ፈትታ እኮ አይደለም” አሉ።

በዚያው ሳምንት ከወልድያ የመጣ መኪና የ45 ቀን ጫጩት ጭኖ ደረሰ። ወጣቷ ያጠራቀመችውን አውጥታ ሃያ ገዛች፤ ገብስማዋንም “በርቢ ይያዟት” ብላ ለባልቴቷ ተወችላቸው።

ባልቴቷ ስባሪ ጋን ውስጥ የጤፍ ጭድ ጎዘጎዙ። አውራ ዶሮ ካለበት ቤት፣ ሳይሰነብት የተለቀመ እንቁላል አሥራ ሦስት ፈልገው በጨለማ አስታቀፏት። በሰባተኛው ሌሊት እያንዳንዱን በሁለት ጣታቸው ይዘው በኩራዝ ብርሃን አዩት። አሥራ አንዱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ የደም ሥር ተዘርግቷል፤ ሁለቱ ጥርት ያሉ ነበሩና አወጧቸው። ገብስማዋ በቀን አንዴ ተነሥታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ አመድ ላይ ትንከባለላለች፣ ሳይበርድባት ትመለሳለች፤ እንቁላሎቹን በመንቆሯ እየሳበች የዳሩን ወደ መሐል፣ የመሐሉን ወደ ዳር ታገላብጣለች። በሃያ አንደኛው ቀን አሥራ አንድ ጫጩት ይዛ ብቅ አለች።

ጭልፊቱ የመጣው ጫጩቶቹ መሮጥ ከለመዱ በኋላ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ነው። ማሽላ የተወቃበት አውድማ ላይ የሁለቱም ቤት ዶሮዎች ይለቅማሉ። ጥላው መሬት ላይ ሲያልፍ ገብስማዋ አንድ ድምፅ አወጣች። አንድ ብቻ፣ ረዘም ያለ፣ ከጉሮሮ የሚወጣ። ከአሥራ አንዱ አንድም ጫጩት ወደ ሰማይ አላየም። ገሚሱ ከክንፏ ሥር፣ ገሚሱ ከቅንጭቡ ግርጌ፣ ገሚሱ ከአገዳው ክምር ገባ። ሃያዎቹም ድምፁን ሰምተዋል፤ ቋንቋውን ግን ያስተማራቸው የለም። አንገታቸውን አስግገው የሚያንዣብበውን ቀና ብለው ያዩታል። ጭልፊቱ መረጠ።

በማግሥቱም ተመልሶ መረጠ። በሳምንቱ አሥራ አራት ቀሩ።

ማታ ወጣቷ አጥሩ ጋ ቆመች። “እትዬ፣ ገብስማዋ…” ብላ መጨረስ አቃታት።

“የርቢ ደንብ እኩል ነው። አሥራ አንድ ለሁለት ስለማይገባ ስድስቱ ያንቺ ይሁኑ። ራሷ እስክትተዋቸው ግን ከእናታቸው አትለዪያቸው።”

“የቀሩትስ?”

“ቅንጭቡን በዚህ በኩል እንክፈተውና እዚህ ይዋሉ። ባታቅፋቸውም፣ ስትጮኽ የእሷ ልጆች ወዴት እንደሚሮጡ ያያሉ።”

በእንቁላል ቁጥር ከሆነ ወጣቷ ተሳስታለች አላልኩም። የአገር ዶሮ በዓመት 60 ከሞላች ትልቅ ነገር ነው፤ ቦቫንስ የሚሉት ዝርያ ግን መኖና እንክብካቤ ካልጎደለበት ወደ 300 ይጠጋል። ብዙውን የሚያስጥለው አንዱ ምክንያት መታቀፍን እንዲተው ሆኖ ተመርጦ መራባቱ ነው። ታዲያ በእሱ ምትክ የሚታቀፍ መፈልፈያ ማሽን ያስፈልጋል፤ ለማሽኑ መብራት፣ ለጫጩቱ መኪና፣ ለመኪናው መንገድ። ይህን ንቄ አይደለም፤ ፈንግል የገባ ዕለት ከእናት ክንፍ ይልቅ ክትባት ያድናል። ግን የሰሜኑ ጦርነት በሐምሌ 2013 ሰሜን ወሎ ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ሲቆይ መንገዱም መብራቱም ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት ስባሪ ጋን፣ እፍኝ ጭድና 21 ቀን ከተሰጣት ሌላ የማትጠይቅ ዶሮ የነበረችው ቤት ጫጩት ማውጣት ይችል ነበር።

ገብስማዋ ልጆቿን ከተወች በኋላ እንደገና አሥራ ሦስት ጣለች፤ እንደገናም ነፋች። አሁን የታቀፈችው በወጣቷ ቤት ነው። በሰባተኛው ሌሊት ወጣቷ ኩራዝ በአንድ እጇ፣ እንቁላል በሌላው ይዛ በተከፈተው አጥር ገባች።

“እትዬ፣ የደም ሥሩ የቱ ጋ ነው?”

ባልቴቷ ኩራዙን ተቀብለው ክሩን ከፍ አደረጉላት።