ምርጥና ታላቅ፤ በጥሩምባ ነፊዎች ዙሪያ የሚነሳ ክርክር

በኦገስት 1993 በሚሲሲፒ ግዛት፣ ጃክሰን ከተማ ውስጥ በተካሄደ የሙዚቃ ውድድር አንደኛ የወጣው ቡድን 97.4 ነጥብ አገኘ። ሁለተኛው 97.3 ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልዩነቱ የአንድ ነጥብ አንድ አሥረኛ ነው ማለት ነው። አሸናፊዎቹ የኒው ጀርዚዎቹ ‹‹ካዴትስ›› ሲሆኑ ተሸናፊዎቹ ደግሞ ‹‹ስታር ኦቭ ኢንዲያና›› የሚባሉት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። የዚያች አንድ አሥረኛ ክርክር ግን ዛሬም አላበቃም፤ ይልቁንም በክርክሩ ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው የተሸነፉት ናቸው።

ለመሆኑ ድራም ኮር የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ዕድሜያቸው ከ22 ዓመት ያልዘለለ ወጣቶች የናስ መሣሪያ፣ ከበሮና ባንዲራ ይዘው በአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ላይ ቅርጽ እየሠሩና እየፈረሱ፣ እየሮጡም ጭምር የሚጫወቱት ትርዒት ነው። ክላርኔትና ሳክስፎን የሉበትም። ትርዒቱ ከአሥር ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ለእሱ ሲሉ ግን ወጣቶቹ ክረምቱን ሙሉ ይሰጣሉ። ሌሊት በአውቶቡስ ይጓዛሉ፣ በየትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ ይተኛሉ፣ ቀን ፀሐይ ላይ ይለማመዳሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ እንዲያውም ለመሳተፍ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ዛሬ የሚታወቀው አገር አቀፍ ውድድር የተጀመረው በ1972 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ኋይትዋተር ላይ ነው።

የነገሩ ሥር ግን ከዚያ ይርቃል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ዘማቾች በየማኅበራቸው የጦር ሜዳ ምልክት ማሰሚያ የነበረውን ጥሩምባና ከበሮ ይዘው ሰልፍ መውጣት ጀመሩ፤ በኋላም ለሰፈራቸው ልጆች አስተማሩ። ጥሩምባ ወደ እኛም አገር የገባው በዚሁ በር ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ንጉሥ ለአፄ ምኒልክ የተላኩት የናስ መሣሪያዎች፣ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው ‹‹አርባ ልጆች››፣ ከዚያም የክብር ዘበኛና የፖሊስ ባንዶች፤ ይህ ታሪክ ለአንባቢ አዲስ አይደለም። እኛ ዘንድ ጥሩምባው ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ዘፈን ገባ። እነሱ ዘንድ ሰልፉን ሳይለቅ ወደ ውድድር ገባ። ውድድር ካለ ደግሞ ዳኛ አለ፤ ዳኛ ካለም የማያልቅ ሙግት አለ።

የዳኝነቱ ታሪክ ራሱን የቻለ የሥነ ምግባር ትምህርት ነው። እስከ 1983 ድረስ ዳኞቹ ሜዳው ላይ ወርደው በሰልፈኞቹ መካከል እየተዘዋወሩ ስህተት ያድኑ ነበር። አንዱ ጥሩምባ ነፊ ቀድሞ ከገባ፣ የሌላው ድምፅ ከተሰነጠቀ ወረቀታቸው ላይ ጭረት ያደርጋሉ። እያንዳንዱ ጭረት ከሙሉ ነጥብ ላይ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። ቡድኑ ወደ ሜዳ ሲገባ ፍጹም ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው መጉደል ብቻ ነው።

ይህን አሠራር ነቅፎ ማለፍ ቀላል ነው። ስህተት ቆጣሪ ዳኛ ጠንቃቃውን ይወዳል፣ ደፋሩን ይቀጣል፤ ቀላሉን ዜማ ያለ እንከን የነፋ ልጅ ከባዱን ሞክሮ ሁለት ቦታ ላይ ከተሰናከለው ይበልጣል። ግን አንድ ትልቅ ደግነት ነበረው። ስህተት በጣት ሊያሳዩት ይቻላል። ዳኛው ‹‹እዚህ ጋ፣ ይሄ ልጅ፣ ይህችን ድምፅ›› ማለት ይችል ነበር። የተሸነፈውም ለምን እንደተሸነፈ ያውቅ ነበር። ከ1984 ጀምሮ ዳኛው ከዜሮ እየገነባ እንዲወጣ ተደረገ፤ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደተጫወቱ፣ ምን ያህል እንዳሳመሩት እየመዘነ ነጥብ ይሰጣል። በእኔ ግምት ለሙዚቃው የተሻለው ይህ ነው፤ ለተሸናፊው ግን ይከብዳል። የጎደለህን አንድ አሥረኛ ወዴት ሄዶ ይፈልጓታል? ቁጥሩም ቀስ በቀስ ወደ ጣሪያው ተጠጋ። በ2014 የካሊፎርኒያዎቹ ‹‹ብሉ ዴቭልስ›› 99.65 አገኙ። ያቺ የቀረችው ሽርፍራፊ ምን እንደሆነች የሚያውቃት ዳኛ ካለ ቢነግረን ደስ ይለኛል።

የተመልካቹ ክርክር ከዳኞቹ ወረቀት ውጪ ነው። አንዱ ‹‹ከ1979 እና ከ1980ው ከስፒሪት ኦቭ አትላንታ የሚበልጥ ጥሩምባ አልተሰማም›› ይላል፤ ይህ ቡድን ዋናውን ሻምፒዮና አንድም ጊዜ አላሸነፈም። የእነዚያን ዓመታት ሙዚቃ ያቀናበረላቸው ጂም ኦት በ1980 ሞተ። ዛሬ ለምርጥ የጥሩምባ ክፍል የሚሰጠው ሽልማት የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ሌላው የ1988ቱን የማዲሰን ስካውትስ ድምፅ ያነሳል። ወጣቱ ደግሞ በ2013 ያሸነፉትን የካሮላይና ክራውን ልጆች ይጠራል፤ በዚያ ትርዒት የፊሊፕ ግላስን ሙዚቃ ምላስ በማይደርስበት ፍጥነት፣ ሁሉም እንደ አንድ ሰው ሆነው የነፉበትን ቦታ ሰምቶ ዝም ማለት በእርግጥም ያስቸግራል።

ዴቪድ ሂዩም በ1757 ስለ ጣዕም በጻፈው ድርሰት ከዶን ኪሆቴ ያገኛትን ተረት ይጠቅሳል። ሁለት ሰዎች ከአንድ በርሜል ወይን ጠጅ እንዲቀምሱ ይሰጣቸዋል። አንዱ ‹‹ጥሩ ነው፣ ግን የቆዳ ጣዕም አለው›› ይላል። ሌላው ‹‹ጥሩ ነው፣ ግን ብረት ብረት ይላል›› ይላል። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። በርሜሉ ሲያልቅ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው አሮጌ ቁልፍ ተገኘ። ሂዩም ሊል የፈለገው የጣዕም ክርክር የምኞት ክርክር ብቻ አለመሆኑን ነው፤ የሠለጠነ ምላስ በእውነት ያለውን ነገር ያገኛል። ስለ ጥሩምባም ይህ እውነት ነው። የ2013ቱን ቅጂ ከ1979ኙ ጋር አከታትሎ የሰማ ሰው አዲሱ ይበልጥ የጠራ፣ ይበልጥ የተስተካከለ መሆኑን ይሰማዋል። በዚህ ላይ የሚከራከር ሽማግሌ ካለ ናፍቆቱን እየተከራከረ ነው።

ሆኖም ሽማግሌው ሌላ ነገር እያለም ሊሆን ይችላል። የ1979ኙ ልጅ የያዘው መሣሪያ ከጦር ሠራዊቱ ጥሩምባ የወረደ፣ ሁለት ቫልቭ ብቻ ያለው ነበር። ሦስት ቫልቭ ያለው ተራ ትራምፔት በቀላሉ የሚያወጣቸውን አንዳንድ ድምፆች በዚያ መሣሪያ ማውጣት አይቻልም፤ ሌሎቹን በከንፈር እየገፉ ማቃናት ያስፈልጋል። ለውድድሩ በማንኛውም ቅኝት የተሠራ፣ አፉ ወደ ፊት የሚያይ የናስ መሣሪያ የተፈቀደው ከ2000 ጀምሮ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ማወዳደር ፍትሕ ነውን? ጆሮ ሸክምን አይሰማም፤ የሚሰማው የደረሰለትን ነው። ኅሊና ግን ‹‹በምን ይዘው?›› ብሎ ይጠይቃል።

ቋንቋችን ለዚህ የሚረዳ ልዩነት ያለው ይመስለኛል። ‹‹ምርጥ›› ስንል መራጭ አለ፤ ቃሉ ከ‹‹መረጠ›› ነው የወጣው፣ ያለ ዳኛም አይቆምም። ‹‹ታላቅ›› የሚለው ግን በቤታችን የተለመደ ሌላ ትርጉም አለው። ታላቅ ወንድሜ ከእኔ ጎበዝ ላይሆን ይችላል። ታላቅነቱን ግን ማንም አይወስድበትም፤ ከኋላው ታናሽ እስካለ ድረስ ታላቅ ነው። ታላቅ ለመባል የሚያስፈልገው ተከታይ እንጂ ዳኛ አይደለም። የአሜሪካኖቹ ክርክር መቋጫ ያጣው ሁለቱን በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ይሆን? አንዱ ምርጡን ሲጠይቅ ሌላው ታላቁን ይመልስለታል።

ወደ 1993 ልመለስ። ስታር ኦቭ ኢንዲያና በዚያ ዓመት ያቀረቡት ከባርበርና ከባርቶክ የተወሰደ፣ ጭብጨባ የማይለምን ሙዚቃ ነበር። ተመልካቹ ለሁለት ተከፈለ፤ ያልወደዱት በግልጽ ተቃወሙ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ወደ ውድድሩ አልተመለሰም። ወደ ቲያትር መድረክ ዞሮ ‹‹ብላስት›› የተባለውን ትርዒት አዘጋጀ፤ ይህም በ1999 ለንደን ላይ ተከፍቶ በ2001 በኒው ዮርክ የቶኒ ሽልማት አገኘ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ያኔ የተጠላው አጫዋወትና አካሄድ በኋላ በመጡት ቡድኖች ሥራ ውስጥ መታየቱ ነው። በዚያች ሌሊት ምርጡ ካዴትስ ነበር፤ ዳኞቹ ቆጥረውታል፣ እኔም አልነካባቸውም። የታላቅነቱን ነገር ግን በዚያች ሌሊት ሊያውቀው የሚችል ዳኛ አልነበረም፤ ታናናሾቹ ገና አልተወለዱም ነበር።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ከ2004 ጀምሮ ማይክሮፎን፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ሜዳው ላይ ተፈቅዷል። ቱባዎቹ በሚነፉበት ሰዓት ከሥራቸው ኪቦርዱ ወፍራም ድምፅ ሲያክልበት ይሰማል። ደረትን ያንቀጠቅጣል፤ ያምራልም። ግን ማንን ላመስግን? የሳሎን ዕቃ ሲያምር ማን እንደሠራው ሳልጠይቅ ልደሰት እችላለሁ። ጥሩምባ ነፊን ሳመሰግን ግን የማመሰግነው ትንፋሹን ነው። ሰባ የሚያህሉ ልጆች እየሮጡ፣ ሳንባቸው እየተቃጠለ፣ የአንዳቸው ድምፅ ከሌላው ተለይቶ እንዳይሰማ ሲደክሙ ውበቱ ከዚያ ድካም አይለይም። ከመካከላቸው የአንዱም ስም በትርዒቱ ላይ አይጠራም። አንዱ ቢያቅተው ግን ለሁሉም ይተርፋል። በኪቦርዱ የተሸፈነው ደካማ ነፊ ከነቀፌታ ድኗል፤ ከምስጋናውም ተካፋይ መሆኑ ግን ያጠራጥራል። የድሮዎቹ ጭረት ቆጣሪ ዳኞች ጨካኞች ቢሆኑም እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻው ያዳምጡት ነበር።

በ1993 ጃክሰን ላይ የነፉት ልጆች ዛሬ ትልቁም ትንሹም ወደ ሃምሳ ዓመት ተጠግተዋል ወይም አልፈዋል። ቅጂው አለ፤ የፈለገ ያዳምጠዋል። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ሦስት ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ፤ ያቺን አንድ አሥረኛ ግን አላገኘኋትም።